የምዕራቡ የባቡር መስመርና የነቀምቴ ጣቢያ፤ ከ1886ቱ ውል እስከ ዛሬ

ነቀምቴ እስከ ዛሬ ባቡር አልደረሰባትም። ይሁን እንጂ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚዘልቅ የባቡር መስመር ሐሳብ በአገሪቱ የመጀመሪያ የባቡር ውል ላይ ከሰፈረ ከ130 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በየዘመኑ በልዩ ልዩ ስምና አቅጣጫ ተነስቷል። በ2000ዎቹ በተዘጋጀው ብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ነቀምቴ በስም ተጠቅሳ ከዋና ዋና መስመሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች።

የመስመሩ መዘርጋት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወሰን፣ ከፍተኛ ገንዘብም የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ጣቢያው የሚያርፍበት ቦታ ግን የከተሞችና የዞኖች አስተዳደር አስቀድሞ ሊያስብበትና ሊዘጋጅበት የሚችል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ እንደሚያሳየው የአንድን ከተማ ዕድል የሚወስነው ሐዲዱ በአካባቢው ማለፉ ብቻ አይደለም። ጣቢያው ከከተማው በምን ያህል ርቀት፣ በምን ዓይነት መሬት ላይና ከየትኛው መንገድ ጋር ተገናኝቶ እንደተተከለም እኩል ይወስናል። ይህ ጽሑፍ የምዕራቡን መስመር ታሪክና ቀደም ሲል የተተከሉ ጣቢያዎች የሚሰጡትን ትምህርት ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች አንጻር ይዳስሳል።

የመጀመሪያው ውልና ሦስተኛው ክፍል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። በውሉ መሠረት ሥራው በሦስት ክፍሎች የሚከናወን ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ለምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የተሰጠው ትኩረት ምን ያህል እንደነበረ ያመለክታል። በዚያን ዘመን ለውጭ ገበያ ይቀርብ የነበረው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰም፣ ዝባድና ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነበር። በለቃ ነቀምቴ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በለቃ ቄለም ደግሞ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ያስተዳድሩ በነበረበት ወቅት፣ የሲራራ ነጋዴዎች የአካባቢውን ምርት በበቅሎና በአጋሰስ እየጫኑ ወደ ሸዋ ያደርሱ ነበር። ባቡር ወደ ምዕራብ ቢዘልቅ ኖሮ ይህን ንግድ በቅድሚያ የሚያነሳ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ ከሦስቱ ክፍሎች የመጨረሻው ሳይጀመር ቀርቷል። ሁለቱም ቢሆኑ በታሰበላቸው መንገድ አልተፈጸሙም።

ሐረርን ያለፈው ሐዲድ

የሐዲዱ ግንባታ በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው መድረሻ ሐረር ነበረች። ይሁን እንጂ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ በ1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ተራራማ ከተማ በመሆኗ፣ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም በታኅሣሥ ወር የደረሰበት ሥፍራ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የሚል ስያሜ ተሰጥቶት ነበር። ሥፍራው የዛሬዋ ድሬዳዋ ነው።

የዚህ ውሳኔ ውጤት ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ታይቷል። ለዘመናት የምሥራቅ ኢትዮጵያ የንግድ ማዕከል ሆና የኖረችው ሐረር የንግድ ድርሻዋን እየተነጠቀች ስትሄድ፣ ከሷ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው ሜዳ የባቡር ጥገና ማዕከል፣ የጉምሩክ በር፣ የመጋዘንና የፋብሪካ ከተማ ሆነ። በውሉ ላይ በስሟ የተጠቀሰችው ሐረር ናት፤ ጣቢያውን ያገኘችው ግን ድሬዳዋ ናት። መስመሩ የሐረር ተብሎ የሚያልፍባት ሌላ ከተማ መሆኑ፣ ተራራማ ለሆኑት የወለጋ ከተሞች በተለይ ሊጤን የሚገባው ታሪካዊ ማስረጃ ነው።

ምዕራቡ በስምምነት የተከፋፈለበት ዘመን

ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ሥራውን የያዘው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ተያዘ። ጉዳዩ የንግድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን መንግሥታት ሽኩቻ ሆነ። ሦስቱ መንግሥታት በ1899 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1906) ለንደን ላይ በኢትዮጵያ ጉዳይ የተፈራረሙት ስምምነት የባቡር አንቀጾችም ነበሩት። በእነዚህ አንቀጾች ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መስመር ለፈረንሳይ ተተወ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚዘረጋ ሐዲድ የውጭ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ በእንግሊዝ አማካይነት እንዲሠራ፣ ኤርትራንና በናድርን በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚያገናኝ መስመር ደግሞ በጣሊያን አማካይነት እንዲሆን ተወሰነ። አፄ ምኒልክ ስምምነቱ የተደረሰው ያለ እርሳቸው ተሳትፎ በመሆኑ ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን የሚገድብ እንዳልሆነ አስታውቀዋል።

ስምምነቱ በወረቀት ላይ የምዕራቡን መስመር ባለቤት የሰጠው ቢመስልም በተግባር ያስከተለው ውጤት ተቃራኒ ነው። ፈረንሳውያኑ ሐዲዱን ከአዲስ አበባ አልፈው እንዳይቀጥሉ በሩ ተዘጋባቸው። እንግሊዞች ደግሞ ለምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድ ከሐዲድ ይልቅ በርካሽ የሚገኝ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ይኸውም የባሮ ወንዝ ነው።

አቃቂ፤ የመዲናዋ የዳር ጣቢያ

በ1900 ዓ.ም የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ከድሬዳዋ ወደ መሐል አገር ቀጠለ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1915 ከመዲናዋ 23 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1909 ዓ.ም ነው።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት አቃቂ የሐዲዱ ጫፍ ነበረች። ከባሕር በር በባቡር የመጣ ዕቃ እዚያ ተራግፎ ቀሪውን መንገድ በእንስሳት ጭነት ይጓዝ ነበር። ሐዲዱ ወደ መዲናዋ ከገባ በኋላም አቃቂ ተራ መተላለፊያ ሆና አልቀረችም። ለጥ ያለ ሰፊ መሬት፣ ወንዝ፣ ሐዲድና የመኪና መንገድ በአንድ ላይ የተገኙበት ሥፍራ በመሆኗ፣ ከጊዜ በኋላ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በዙሪያዋ ተተከሉ። ዛሬ የአቃቂና የቃሊቲ አካባቢ የአዲስ አበባ ዋነኛ የኢንዱስትሪና የጭነት ቀጠና ነው።

በመዲናዋ መሐል የተሠራው ዋናው ጣቢያ በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም ተመርቋል። ሕዝቡ የፈረንሳይኛውን የጣቢያ ስም በራሱ አነጋገር ለገሀር ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙም ከጣቢያው አልፎ የሰፈሩ መጠሪያ ሆኗል። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ በቀን ብቻ እየተጓዙ ሌሊቱን በድሬዳዋና በአዋሽ በማደር ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ቀደም ሲል በሲራራ ሳምንታት ይወስድ ከነበረው ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ለውጡ እጅግ ትልቅ ነው።

ለገሀርና አቃቂ ሁለት ዓይነት የጣቢያ አገልግሎትን ያሳያሉ። ለገሀር የመንገደኛና የመንግሥት ጣቢያ፣ የከተማው የክብር በር ነበረች። አቃቂ ደግሞ የጭነትና የሥራ ጣቢያ ነበረች። ሁለቱን አገልግሎቶች በአንድ ሥፍራ ማጣመር ሁልጊዜ የሚቻል አለመሆኑን፣ የጭነት ጣቢያ በከተማ ዳር ሲተከልም በዙሪያው አዲስ ከተማ እንደሚወለድ የአቃቂ ታሪክ ያስረዳል።

የወለጋ ቡና በባሮ ወንዝ

ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ባለመቀጠሉ የምዕራብ ወለጋና የኢሉባቦር ንግድ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ግንቦት 1902) ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠና በወንዙ ላይ ከ2 ሺህ ሜትር ያልበለጠ ፊት ያለው የንግድ ሥፍራ ለሱዳን አስተዳደር እንዲከራይ ፈቅደው ነበር። ይህ ሥፍራ ጋምቤላ ላይ ተቋቁሞ የእንፋሎት ጀልባዎች እስከ ካርቱም ይመላለሱበት ጀመር። ከሰዮ፣ ማለትም ከዛሬው ደምቢዶሎ፣ እንዲሁም ከጎሬና ከቡሬ የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በዚህ ወደብ ወደ ሱዳን ሲላክ፣ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ይገባ ነበር።

የወንዙ መንገድ ግን አንድ ዋነኛ ጉድለት ነበረበት። ጀልባዎቹ ሊጓዙ የሚችሉት ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት ብቻ ነው። የወለጋ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በዚያን ወቅት የባሮ ውኃ እየጎደለ ይሄዳል። በተቃራኒው ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ከደጋው ወደ ቆላው የሚያወርደው የበቅሎ መንገድ በጭቃ የተያዘ ነው። ስለሆነም ምርቱ በመጋዘን እስከ ቀጣዩ ክረምት መቆየት ነበረበት፤ የነጋዴውም ገንዘብ ለወራት ታስሮ ይቀመጥ ነበር። በየወቅቱ የማይቋረጥ መጓጓዣ ለአካባቢው ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም።

ጋምቤላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከእንግሊዞች እጅ ወጥታ ከነፃነት በኋላ ወደ ቀድሞ አገልግሎቷ ተመልሳለች። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ ግን የኪራዩ ውል አብቅቶ ሥፍራው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙም ንግድ እየደከመ ሄደ።

ሐዲድን የተካው የመኪና መንገድ

በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያመራ የመኪና መንገድ ተዘርግቷል። ከነፃነት በኋላም መንግሥት ቅድሚያ የሰጠው ለመንገድ ነው። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ጥገናና ግንባታ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሆነ።

በዚህ ሂደት ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ሆነች። ወደ ምሥራቅ ባኮንና አምቦን አቋርጦ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ ወደ ምዕራብ በጊምቢ በኩል ወደ አሶሳና ወደ ደምቢዶሎ የሚሄደው፣ ወደ ደቡብ ወደ በደሌ የሚወርደው፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ቡሬ የሚገባው መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። የአካባቢው ቡና በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ የሚጠራው በከተማዋ የቀድሞ ስም ለቀምት መሆኑም የከተማዋን የንግድ ታሪክ ያመለክታል።

የመኪና መንገዱ ያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ዳሩ ግን ክብደት ላለውና በብዛት ለሚጓጓዝ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለማዳበሪያ፣ ለሲሚንቶ፣ ለነዳጅ፣ ለበቆሎና ለቅባት እህል፣ የከባድ መኪና ማጓጓዣ ውድ ነው። በአንጻሩ አንድ የጭነት ባቡር የብዙ ከባድ መኪናዎችን ጭነት በአንድ ጉዞ ይስባል። የምዕራቡ መስመር ጥያቄ እየደጋገመ የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከኢጃጂ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ኩርሙክ

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ። ቀጥሎ በተዘጋጀው ብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ስምንት መስመሮች የተለዩ ሲሆን፣ በድምሩ ከ4 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ምዕራቡን የሚመለከቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፣ ጉራፈርዳና ዲማ የሚያመራው፣ ከጅማ በደሌ ያለውን ቅርንጫፍ ጨምሮ 740 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ነው። ሁለተኛው ከኢጃጂ ተገንጥሎ በነቀምቴና በአሶሳ አቋርጦ ሱዳን ድንበር ላይ ወደምትገኘው ኩርሙክ የሚደርሰው ሲሆን፣ ርዝመቱ 460 ኪሎ ሜትር ነው። ኢጃጂ በምዕራብ ሸዋ ከባኮ በፊት የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ዕቅዱ ሲፈጸም ሁለት ዋና መስመሮች የሚለያዩባት መጋጠሚያ ትሆናለች ማለት ነው። ሞጆና አዋሽ ሰባት በባቡር አማካይነት እንዴት እንዳደጉ ለሚያውቅ፣ መጋጠሚያ መሆን ለአንዲት አነስተኛ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም፣ 2 ሺህ 395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለመዘርጋት ግብ ተጥሎ ነበር። በተግባር ቅድሚያ ያገኘው የአገሪቱን የገቢና ወጪ ንግድ የሚሸከመው የጅቡቲ መስመር ነው። የአዋሽ ወልዲያ መስመር ግንባታም በ2007 ዓ.ም ተጀምሯል። የምዕራቡ መስመሮች ግን ከጥናትና ከዕቅድ ደረጃ አልፈው ወደ ግንባታ አልተሸጋገሩም። የውጭ ብድር ጫና፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የታየው ግጭት ሥራውን ይበልጥ አዳጋች ያደረጉ ምክንያቶች ናቸው።

ከከተማ የራቁ አዳዲስ ጣቢያዎች

አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል የ1 ሜትር ስፋት የነበረው ሲሆን፣ አዲሱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደውን የ1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ስፋት የያዘና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ነው። መነሻው ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰበታ ናት። የመዲናዋ መንገደኞች ጣቢያ በለቡ፣ ዋናው የጭነት ጣቢያ ደግሞ በእንዶዴ ተሠርቷል።

እነዚህ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከከተማ ማዕከል ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ምክንያቱም ቴክኒካዊ ነው። ፈጣንና ረጅም ባቡር ሰፊ መታጠፊያና ለስላሳ ዳገት ይፈልጋል። የጭነት ጣቢያ ደግሞ ባቡሮች የሚተላለፉባቸው፣ የሚጫኑባቸውና የሚራገፉባቸው ብዙ ትይዩ ሐዲዶች ስለሚያስፈልጉት ሰፊ ሜዳ ይሻል። በተጨናነቀ ከተማ መሐል እንዲህ ያለ መሬት ማግኘት ከፍተኛ ካሳና ብዙ ነዋሪዎችን ማንሳት ይጠይቃል።

ሆኖም ጣቢያው ከከተማ ሲርቅ ወጪው ወደ ተገልጋዩ ይዞራል። ከድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ በእግር ወደ ገበያ መግባት ይቻል ነበር፤ አዲሱ ግን ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ መንገደኛው ሌላ ተሽከርካሪ መያዝ አለበት። ለጭነት ሲሆን ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ከጣቢያው ወደ ዋናው መንገድና ወደ መጋዘን የሚያደርስ አስተማማኝ መንገድ ከሌለ፣ ዕቃውን ከመኪና ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መኪና ማገላበጡ በሐዲድ የተገኘውን ቁጠባ ይበላዋል።

ለወለጋ ይህ ጉዳይ ከወዲሁ የሚታይ ነው። ከመስመሩ ጣቢያዎች ወደ ምዕራብ ጫፍ የምትገኘው ሰበታ ናት። ሰበታ ግን የምትገኘው በጅማ መንገድ እንጂ በአምቦ መንገድ ላይ አይደለም። ከነቀምቴ የሚነሳ ጭነት በሆለታና በቡራዩ በኩል ወደ መዲናዋ ስለሚገባ፣ የመጨረሻው ጣቢያ በካርታ ላይ ቅርብ ቢመስልም በመንገድ ጉዞ ቅርብ አይደለም። 330 ኪሎ ሜትር በመኪና የመጣ ዕቃ ከመኪና ወርዶ ባቡር ከመጠበቅ ይልቅ በዚያው መኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ወደ ጅቡቲ መቀጠልን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የነቀምቴ ጣቢያ የት ሊሆን ይችላል?

የነቀምቴ መልክዓ ምድር የሐረርን ጥያቄ እንደገና የሚያስነሳ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከምሥራቅ በኩል የባኮ አካባቢ በ1 ሺህ 650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከምዕራብ ደግሞ በነቀምቴና በጊምቢ መካከል የሚፈሰው የደዴሳ ወንዝ ሸለቆ ከ1 ሺህ 400 ሜትር በታች ይወርዳል። ከሸለቆው ማዶ ጊምቢ እንደገና ወደ 1 ሺህ 900 ሜትር ከፍታ ትወጣለች።

ለጭነት የሚሠራ ሐዲድ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከ20 ሜትር በላይ እንዲወጣ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም። በዚህ ስሌት ከባኮ ወደ ነቀምቴ የሚወጣውን 450 ሜትር ያህል ከፍታ ለማሸነፍ ብቻ ያለማቋረጥ የሚወጣ ቢያንስ 22 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ከነቀምቴ ወደ ደዴሳ የሚወርደው 700 ሜትር ደግሞ ከ35 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሐዲድ ይጠይቃል። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ መውጣትም ተመሳሳይ ሥራ ነው። መሐንዲሶች እንዲህ ያለ መሬት ሲገጥማቸው ከሦስት አማራጮች አንዱን ይመርጣሉ። ሐዲዱን በዋሻና በድልድይ ወደ ከተማው ያስገባሉ፤ ወይም በከተማው ዳር በዝቅተኛው ገጽ ያሳልፉታል፤ አለዚያም የወንዝ ሸለቆን ተከትለው ከተማውን ጨርሶ ይተዉታል።

ሦስተኛው አማራጭ በምሥራቅ የድሬዳዋንና የሐረርን ታሪክ ፈጥሯል። ሁለተኛው የአቃቂን ዓይነት የዳር ጣቢያ የሚያስገኝ ሲሆን፣ አስቀድሞ ከታሰበበት ለነቀምቴ ተስማሚ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለከተማው ነዋሪ ምቹ ቢሆንም ወጪው እጅግ ከፍተኛ ነው።

ጣቢያው የሚያስተናግደው የጭነት ዓይነትም የቦታውን ምርጫ ይወስናል። ከወለጋ የሚወጣው ቡና፣ በቆሎ፣ ሰሊጥና ኑግ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ነው። ወደ አካባቢው የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ ከክረምቱ በፊት መድረስ አለበት። የሚወጣውና የሚገባው ጭነት በከፊል በተከታታይ ወራት መሆኑ ፉርጎዎች ባዶ እንዳይመለሱ ይረዳል። ይህ የሚሆነው ግን የእህልና የማዳበሪያ መጋዘኖች ከጣቢያው አጠገብ ሲሆኑ ነው። በተጨማሪም ከበደሌ፣ ከጊምቢና ከቡሬ አቅጣጫ የሚመጡት መንገዶች በከተማዋ መሐል ሳያልፉ ወደ ጣቢያው የሚደርሱበት ሥፍራ ካልተመረጠ፣ ባቡሩ የሚያመጣው የመኪና ብዛት የከተማዋን ዋና ጎዳና ያጨናንቃል።

ከአስተዳደር አካላት የሚጠበቀው

የመስመሩ ግንባታ መቼ እንደሚጀመር የሚወሰነው በአገሪቱ የገንዘብ አቅም፣ በአካባቢው ሰላምና በጭነት ፍላጎት ጥናት ነው። ይህ ማለት ግን የከተሞች አስተዳደር እስከዚያው የሚሠራው የለም ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ፣ የከተሞች መሪ ፕላን ሲከለስ ሊሆን የሚችለው የሐዲድ አቅጣጫና የጣቢያ ቦታ በጥናት ተለይቶ ከቋሚ ግንባታ ነፃ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ለአንድ የጭነት ጣቢያ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደልዳላና ቀጥ ያለ መሬት ያስፈልጋል። በወለጋ ተራራማ ምድር እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም። ዛሬ በቤት ከተሸፈነ ነገ በካሳ ከማስለቀቅ በቀር ሌላ አማራጭ አይኖርም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የመጋዘን፣ የነዳጅ ማከፋፈያና የኢንዱስትሪ ቦታ በየአቅጣጫው ከሚሰጥ ይልቅ ለወደፊቱ ጣቢያ አመቺ በሆነ አንድ ዳር ቢሰባሰብ፣ ባቡሩ ቢዘገይም ለመኪና ጭነት ያገለግላል፤ ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ ዝግጁ ሆኖ ይቆየዋል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የሚወጣውንና የሚገባውን ምርት መጠን፣ ወቅትና መድረሻ በወጥነት መመዝገባቸው ጠቃሚ ነው። የአዋጭነት ጥናት የሚመሠረተው በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይ ነው። ጭነቱን በቁጥር ማሳየት የሚችል አካባቢ በቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ሐዲድ ለሚያልፍበት መሬት ባለይዞታ የሆኑ አርሶ አደሮች ጉዳይ አለ። የጣቢያ ወሬ ከተሰማ በኋላ የመሬት ግብይት እንደሚያይል የታወቀ ነው። የይዞታ ምዝገባው አስቀድሞ ካልተጣራ ካሳው ለእውነተኛው ባለይዞታ ሳይሆን ዘግይቶ ለመጣ ገዢ ሊደርስ ይችላል።

የምዕራቡ ባቡር በ1886ቱ ውል ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ተጽፎ፣ በ1899ኙ ስምምነት በባዕዳን መንግሥታት ተከፋፍሎ፣ በባሮ ጀልባና በመኪና መንገድ ተተክቶ፣ በ2000ዎቹ ዕቅድ እንደገና ተመልሷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ነቀምቴ መቼም ቢሆን ከመስመሩ ሐሳብ ርቃ አታውቅም። ሐረርም በ1886 ዓ.ም በውሉ ላይ ስሟ ሰፍሮ ነበር። በዕቅድ ላይ ስም መኖሩ ጣቢያ መኖሩን እንደማያረጋግጥ የምሥራቁ መስመር አሳይቷል። ለወለጋ ከተሞች ከወዲሁ የሚቀረው ሥራም ባቡሩ በመጣ ጊዜ የሚቆምበትን ቦታ ጠብቆ ማቆየት ነው።